ሚዛን ላይ ለሚወጡ የበዴሳ ሰዎች የተሰጠ ጥብቅ ምክር

ክብደትዎን መከታተል ሲጀምሩ ለማንም አይንገሩ። በዴሳ ውስጥ (የወላይታዋን ማለቴ ነው፤ የሐረርጌዋ በዴሳ ሰዎች የራሳቸውን መካሪ ይፈልጉ) አንድ ጤነኛ ሰው "ልቀንስ ነው" ብሎ ካወራ ሳይመሽ ጠያቂ ይመጣበታል። አንዱ ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ሌላዋ ልትጸልይለት፤ አጎቱ ደግሞ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደሆነ ሊያጣራ። እኛ ዘንድ መክሳት በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ፈልጎ የሚያመጣው ሰው ያሳስባል። ሰው "ወፈርክ" ሲባል "ተመስገን" ይላል፤ "ከሳህ" ሲባል ግን ማብራሪያ ያዘጋጃል። ስለዚህ ሚዛኑን ከአልጋ ሥር፣ ደብተሩን ከፍራሽ ሥር አድርገው በምስጢር ይጀምሩ።

በግፋታ ሳምንት ግን አይጀምሩ። ግፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ የሚውል የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ጎረቤት ተሰባስቦ ለበሬ ሲቆጥብ የከረመው ብር በጥቂት ቀን ወደ ሥጋ የሚለወጥበት። ቁርጡ ከዳጣ ጋር፣ ሙቿው ከቅቤ ጋር ይቀርባል፤ "በቃኝ" ማለት ባለቤቱን ማስቀየም ነው። በማግስቱ ሚዛን ላይ ቢወጡ ሁለት ኪሎ ጨምረው ሊያገኙት ይችላሉ። መደናገጥ መብትዎ ነው፤ ነገር ግን በሥርዓት ይደንግጡ። መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ሁለት ኪሎ ስብ በአንድ ሌሊት ለመጨመር ታዲያ ሰውነትዎ በቀን ከሚያጠፋው በላይ 15,400 ካሎሪ መመገብ ነበረብዎ ማለት ነው። ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ በኪሎ ከ1,500 ካሎሪ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ከተለመደው ምግብዎ ሌላ አሥር ኪሎ ያህል ሥጋ በልተዋል ማለት ነው። ይህን በእርግጥ አድርገው ከሆነ የእኔ ምክር አይጠቅምዎትም፤ የቅርጫ ማኅበርዎ እየፈለገዎት ነው።

ካላደረጉ ደግሞ የጨመሩት በአብዛኛው ውሃ ነው። ዳጣው ጨው አለው፣ ጨው ደግሞ ውሃ ይዞ ያስቀምጣል። ቆጮው፣ ቦዬውና ስኳር ድንቹ ወደ ስኳርነት ተለውጠው በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ አጅቦት ይቀመጣል። ይህ ጎተራ ሲሞላና ሲጎድል ብቻ ክብደትዎ ከአንድ ኪሎ በላይ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። የበሉት ምግብም ገና አልወጣም። ግማሽ ኪሎ ቁርጥ የበላ ሰው ከማዕዱ ሲነሳ ግማሽ ኪሎ ይከብዳል፤ ሥጋው ሆዱ ውስጥ ሆነ ፌስታል ውስጥ ለሚዛኑ ልዩነት የለውም።

በተቃራኒው ደግሞ ቶሎ ቀንሰው ሰው ማስደነቅ ከፈለጉ መንገዱ ቀላል ነው። ሁለት ቀን ቆጮ፣ እንጀራና ስኳር ድንች ይተዉ፣ ጨው ይተዉ፣ ከበዴሳ ወደ ቢላቴ ቆላ ወርደው በፀሐይ ይላቡ፣ ውሃ አይጠጡ። ኪሎው ይወርዳል። ስብዎ ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ከዚህም የባሰ ስንፍና ለሚሹ ሌላ ዘዴ አለ፦ ዳሞታ ተራራ ላይ ወጥተው በሞላ ሚዛን መመዘን። ከምድር እምብርት በራቁ ቁጥር ስበቱ ይቀንሳል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ሺህ ሜትር ሽቅብ ቢወጣ የሚቀልለው 20 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ቢሆንም መቀነስ መቀነስ ነው። መውረድ እንደማይቀር ግን አስቀድሜ ማሳወቅ አለብኝ።

አሁን ስለ ሚዛኑ። በጭቃ ወለል ላይ የተቀመጠ ሚዛን እንደ ወለሉ ነው የሚናገረው፤ ሲሚንቶ ወይም ጠንካራ ጠፍጣፋ ጣውላ ይፈልጉለት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሁን። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ፣ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ከቡና በፊት፣ ያለ ልብስ ወይም ሁልጊዜ በዚያው ልብስ ይመዘኑ። ማታ ጋቢ ለብሶ፣ ስልክና የቁልፍ ዘለላ ኪስ ውስጥ ይዞ የሚመዘን ሰው ክብደቱን ሳይሆን ንብረቱን እየቆጠረ ነው።

ሚዛን የሌለዎት እንደሆነ የመንገዱ ልጅ አለ። በሶዶ መናኸሪያ አካባቢም ሆነ በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ዳር አንድ ታዳጊ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ "ኪሎ! ኪሎ!" እያለ ተቀምጦ ያገኙታል። አዲስ አበባ ላይ ካገኙት በወላይትኛ ሰላም ይበሉት፤ ከእኛ መንደሮች ወጥቶ ሊስትሮና ሎተሪ ሲሠራ ቆይቶ ወደ ሚዛን የገባ ልጅ ሊሆን ይችላል። "ሚዛንህ ትክክል አይደለም" እያሉ ግን አይከራከሩት። ትክክል ላይሆን ይችላል። ለእኛ ጉዳይ ግን ትክክል መሆኑ የግድ አያስፈልግም! ሁለት ኪሎ አብዝቶ የሚናገር ሚዛን ዛሬም ከወር በኋላም እኩል ሁለት ኪሎ የሚያበዛ ከሆነ፣ የቀነሱትን ወይም የጨመሩትን ልኩን ይነግርዎታል። የሚያሳስተው ዛሬ በሶዶው ልጅ፣ ነገ በፋርማሲው፣ ከነገ ወዲያ በጎረቤት ሚዛን መመዘን ነው። አንድ ውሸታም ይምረጡና ይጽኑ፤ ሦስት ውሸታሞችን ማነጻጸር ለዳኛ እንኳ ይከብዳል።

በዚህ መንገድ ከእርስዎ በፊት ሰው ተጉዟል። ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም፣ በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረ፣ ከትልቅ ሚዛን ላይ ወንበር አንጠልጥሎ ለሠላሳ ዓመት ያህል ራሱን፣ የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና ከሰውነቱ የሚወጣውን ሁሉ ሲመዝን ኖረ። በ1614 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን አሳተመ። ያገኘው ነገር ይህ ነው፦ ሰው ከሚበላውና ከሚጠጣው አብዛኛው በሽንትና በሰገራ ሳይሆን በማይታይ ትነት፣ በቆዳና በትንፋሽ ይወጣል። እርስዎም ማታ ተመዝነው ተኝተው ጠዋት ቢመዘኑ ጥቂት መቶ ግራም ጎድሎ ያገኙታል፤ ያለ ምንም ጥረት፣ እያንኮራፉ። (ሳንቶሪዮ ባለቤት እንደነበረው አላነበብኩም፤ ባይኖረው አይገርመኝም።)

ሠላሳ ዓመት ከበዛብዎ ሌላ ሰው እነሆ። መሐንዲሶቻችን ሁሉ ቤት የሚነድፉበትን አውቶካድ የተባለውን ፕሮግራም ያወጣው የአውቶዴስክ ተባባሪ መሥራች ጆን ዎከር ወፍሮ ነበርና በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ መቀነስ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ነገሩን የያዘው እንደ መሐንዲስ ነው፦ የዕለቱ ቁጥር ጫጫታ ነው፤ ከጫጫታው ሥር ያለውን ድምፅ ማውጣት ያስፈልጋል። የመከረው ሒሳብ ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅዎ እርሳስ ይዞ ይሠራዋል።

ደብተሩን በሁለት ዓምድ ይክፈሉ። በአንዱ የዛሬውን ክብደት፣ በሌላው "መስመር" ብለው የሰየሙትን ቁጥር ይጻፉ። የመጀመሪያው ቀን ሁለቱ እኩል ናቸው፤ 74 ኪሎ ይሁኑ። በማግስቱ ሚዛኑ 75.5 አለ እንበል። ከትናንቱ መስመር በ1.5 ይበልጣል። የልዩነቱን አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 0.15ን ብቻ በመስመሩ ላይ ይደምሩ፦ 74.15። ያ ሁሉ ዳጣና ጨው ያስጮኸው አንድ ኪሎ ተኩል፣ መስመሩ ዘንድ ሲደርስ 150 ግራም ሹክሹክታ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሚዛኑ 73.9 ቢል ልዩነቱ ከመስመሩ በታች 0.25 ነው፤ አንድ አሥረኛው ይቀነስ፦ 74.125። በዚሁ ይቀጥሉ። ቀን ከዘለሉ አይደንግጡ፣ ከቆሙበት ይቀጥሉ። የጠዋቱን ቁጥር እንደ ሰፈር ወሬ ሰምተው ይለፉት፤ የሚያምኑት መስመሩን ይሁን።

ይህ መስመር ቀርፋፋ መሆኑን ግን ልደብቅዎ አልችልም። ዘጠኝ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። እውነተኛ ለውጥ ዛሬ ቢጀምሩ መስመሩ ወዲያው አያጨበጭብልዎትም። በዚህ ጊዜ የሚታይ ሌላ ምልክት አለ፦ የየቀኑ ነጥቦች በአብዛኛው ከመስመሩ በታች ከወደቁ እየቀነሱ ነው፤ ከመስመሩ በላይ ከተንሳፈፉ እየጨመሩ ነው፤ አንዱ ላይ አንዱ ታች ከሆነ ባሉበት ነዎት። አንድ ነጥብ ከመስመሩ በላይ ስለ ወጣ ቁርስ የሚተው ሰው አንድ ቀን ስለ ዘነበ ክረምት ገባ ብሎ የሚያውጅ ሰው ወንድም ነው።

ሒሳብ ለማይወዱ የሳምንት አማካይ ይበቃል፤ የሰባት ቀን ቁጥር ደምሮ ለሰባት ማካፈል። ሳምንቱ ሙሉ መሆን አለበት፤ የገበያ ቀን፣ እሑድ፣ ለሚጾም ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ሁሉም በውስጡ መግባት አለባቸውና። ሰኞን ከሰኞ ብቻ የሚያነጻጽር ሰው እሑድ ማታ የተበላውን ምግብ ነው የሚያነጻጽረው። ሴት አንባቢዬ ደግሞ ከወር አበባ በፊት አንድ ሁለት ኪሎ ውሃ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ እርስዎ የሚያነጻጽሩት ሳምንትን ከሚቀጥለው ሳምንት ሳይሆን፣ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ነው። ጳጉሜን በወር አማካይ ለማስላት የሚሞክር ቢኖር ብቻውን ይተውት፤ በአምስት ቀን ማንም ሰው ምንም አልሆነም።

እዚህ አገር ደግሞ ከሳምንት የረዘመ ማዕበል አለ። በወላይታ ገጠር የዓመቱ ምግብ እኩል አይዘልቅም። ከበልግ አዝመራ በፊት ያለው ጊዜ ጎተራው የሚራቆትበት ነው፤ ስኳር ድንቹና እንሰቱ ክፍተቱን ይሸፍናሉ፣ ይሸፍናሉ የሚባለው ካልጠፉ ነው። መስከረም ላይ ግፋታ ይመጣል። ስለዚህ በሚያዝያ የተመዘነ ገበሬ በመስከረም ተመዝኖ "አራት ኪሎ ጨመርኩ" ቢል ያወቀው ስለ ወቅቱ ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ሚያዝያን ከሚያዝያ፣ ግፋታን ከግፋታ ያነጻጽር። ሁዳዴን ሙሉ የሚጾምም እንዲሁ፤ በፋሲካ ሳምንት ለራሱ ፍርድ አይስጥ።

ይህን የዓመት ለዓመት ንጽጽር በመሣሪያ ሳይሆን በዓይን የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉን፤ አክስቶች ይባላሉ። ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ ለግፋታ የምትመጣው አክስትዎ በዓመት አንድ ጊዜ ታየዎታለች። በሩ ላይ ቆማ፣ ገና ሳትገባ፣ "ውይ፣ አንተ! ምን ሆነህ ነው?" ትላለች። ባለቤትዎ ደግሞ በየቀኑ ታየዎታለችና ምንም አላየችም፤ ከትናንት ዛሬ የሚለየው ነገር ለዓይን አይያዝም። አክስትዎ ጫጫታውን ሁሉ ዘልላ ሁለት ነጥብ ብቻ ታገናኛለች፤ ያለፈው መስከረምና የዘንድሮው። በዚህ ጉዳይ የአክስት ዓይን ከጠዋት ሚዛን ይበልጣል፤ ጉድለቱ ለሰፈሩ ሁሉ ማወጇ ነው። እንዳትከፋ፣ ደብተርዎን ያሳዩዋት ብዬ አልመክርም፤ መስመሩን ከተረዳች በየዓመቱ ትጠይቀዎታለች።

የበሬ አድላቢዎቻችንም ይህን ያውቃሉ። በወላይታ በሬ ከቤት አጠገብ፣ አንዳንዴም ከባለቤቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ታስሮ፣ ሣር፣ የስኳር ድንች ሐረግና እንሰት በእጅ እየተሰጠው ለወራት ይቀለባል። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት "ዛሬስ ስንት ደረስክ?" አይለውም። ሽንጡንና የጅራቱን ሥር በእጁ ይዳስሳል፤ ሲገዛው እንዴት እንደነበር ያስታውሳል፤ የቀረውን ለገበያ ቀን ይተወዋል። ደረቱን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን የሚገምትም አለ። ይህን የመጨረሻውን ዘዴ በራስዎ ላይ መሞከር ይችላሉ፤ የወገብ ልክ በወር አንድ ጊዜ ደብተሩ ላይ ቢገባ ሚዛን ያልነገረዎትን ይነግርዎታል። ብቻ አማትዎ ባሉበት አይሁን።

ቀልዱን ገታ ላድርገውና፣ እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ በዴሳ ውስጥ ከማንም በላይ በደንብ የሚያውቁት ሰዎች ከሚዛን ጋር የሚውሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። በጤና ኬላ ከወጋግራ ላይ በተንጠለጠለ ሚዛን፣ በጨርቅ ሱሪ ውስጥ የተንጠለጠለ ሕፃን እያለቀሰ ይመዘናል፤ ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ክብደቱ በየወሩ ተመዝኖ ካርዱ ላይ ነጥብ ሆኖ ይሰፍራል። ነጥቦቹን አገናኝቶ መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ የማየቱን ሐሳብ በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ የሠራው እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዴቪድ ሞርሊ ነው ያስፋፋው። ነጥቡ የትም ይሁን የት ትልቁ ጥያቄ አቅጣጫው ነው። ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ መስመሩ ሽቅብ ከሄደ ደህና ነው፤ ትልቅ የነበረው ልጅ መስመሩ ከተኛ ግን አንድ ነገር ተፈጥሯል።

ወላይታ ይህን መስመር በከባድ ዋጋ ነው የተማረችው። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ እዚህም ነበር። ከዚያም በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም.ም ጭምር፣ "አረንጓዴ ረሃብ" የተባለው መጣ፤ ዝናብ ጥሎ ምድሩ ለምልሞ፣ ከመኪና መስኮት የሚያይ እንግዳ "እንዴት ያለ ለምለም አገር ነው" እያለ፣ ቤት ውስጥ ልጆች እየከሱ ነበር። ዓይን የተታለለው በአረንጓዴው ነው። የልጆቹ ክብደትና የክንዳቸው ልክ ግን አልተታለሉም፤ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ከስድስት ወር በላይ ያለ ሕፃን በብርቱ ምግብ እጥረት ላይ ነው፣ መስኩ የፈለገውን ያህል ቢለመልም። እናም አንባቢዬ፣ ለራስዎ "ታገሡ፣ አንድ ነጥብ ምንም አይደለም" ያልኩት ምክር ለልጅዎ አይሠራም። አዋቂ መስመሩን ወር መጠበቅ ይችላል፤ ሕፃን ክብደቱ ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ ሌላ ወር ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

አዋቂም ቢሆን መታገሡ ልክ አለው። ሳይፈልጉ፣ ምግብ ሳይቀንሱ፣ መስመሩ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ከክብደትዎ ከመቶ አምስት እጅ በላይ ከወረደ፣ ሰባ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሦስት ተኩል ኪሎ ማለት ነው፣ ደስ አይበልዎት። የስኳር በሽታም፣ ቲቢም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። በተለይ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለ መስመሩ እስኪረጋ አይጠብቁ። አክስትዎ በር ላይ የጮኸችው ያኔ ነው የሚያስፈልገው፤ "ምን ሆነህ ነው?" የሚለው ጥያቄዋ ሐኪሙም ከሚጠይቃቸው ቀዳሚ ጥያቄዎች አንዱ ነው።

ሲሄዱ ደብተሩን ከፍራሹ ሥር አውጥተው ይያዙት። "ከስቻለሁ" ብሎ ከሚናገር በሽተኛ ይልቅ የስድስት ወር ቁጥር ይዞ የመጣ በሽተኛ ለሐኪም ብርቅ ነው። ካርድ ክፍሉ አካባቢ ሚዛን ላይ እንዲወጡ ይጠየቃሉ፤ ምናልባት ከነጫማዎ፣ ከነጃኬትዎ፣ ቁርስ በልተው፣ ተረኛው ከኋላ እየገፋዎት። ከነርሷ ጋር አይከራከሩ። ቁጥሩን ተቀብለው ደብተሩ ላይ ይጻፉት፤ በጎኑ ደግሞ "በጫማ፣ ከቁርስ በኋላ፣ በሌላ ሚዛን" ብለው ያስታውሱ፣ ከመስመሩም አያስገቡት።